ከፎቶ የተገለበጠ ሥዕል የተማሪዎችን ውድድር ማሸነፍ አለበት? (ከሀዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

እዚህ ሀዋሳ በየዓመቱ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሥዕል ውድድር ይደረጋል። አዘጋጁን በስም አልጠራም፤ ነገሬ ከአሠራሩ ጋር ነው። ዘንድሮ አንደኛ የወጣው ሥዕል የአንዲት አሮጊት ፊት ነው። የፊቷ መሸብሸብ፣ ዓይኗ ውስጥ ያለው ብርሃን፣ ከሻሿ ያፈነገጠው ሽበት ሁሉ በጥንቃቄ ተሠርቷል። እጁ የተባረከ ልጅ ነው፣ አልክድም። ችግሩ ሴትዮዋን አውቃታለሁ። እናንተም ታውቋታላችሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ፌስቡክ ላይ በምክርና በጥቅስ ታጅባ የዞረች፣ ኤዥያ ውስጥ የሆነ ቦታ የተነሣች ፎቶ ናት። ልጁ ነጠላ አለበሳት፣ ጉትቻ ጨመረላት፣ አለቀ። የውድድሩ ርዕስ ደግሞ «ባህላችን» ነበር።

ሌላ ሰው ቆፍሮ ከማውጣቱ በፊት እኔው ልናገር፦ 11ኛ ክፍል የሆነ ታናሽ ወንድሜም ተወዳድሯል። ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ጠዋት እየሄደ፣ መረብ የሚጠግኑትን ሰዎች እዚያው ቁጭ ብሎ ነው የሣለው። ከተመረጡት አሥር ሥዕሎች ውስጥ አልገባም።

የማመልከቻው ወረቀት ላይ የተጻፈው መጠኑ 50 በ70 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ቀለሙ እንደ ምርጫችሁ፣ ፍሬም ይግባ የሚል ብቻ ነው። የራስ ሥራ መሆን አለበት የሚል አንድ መስመር የለም። ታዲያ እንዲህ ያለው ሥዕል መሸለም አለበት? የለበትም ካላችሁ ደግሞ ዳኛው በምን ይወቀው?

ኋላ የተጨመረ፦ ክሩ (ይህ ውይይት) ከጠበቅኩት በላይ ረዘመ። ዘግይተው የሚገቡ ሰዎችም የተባለውን እየደገሙ ነው። ስለዚህ የመጡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አባባል እዚህ ሰብስቤአለሁ። መሃል መሃል ላይ የራሴንም ጣል አደርጋለሁ፤ ያልተስማማ ከታች ይጻፍ።

መልስ 1። አንድ የሥዕል መምህር ናቸው። ሰላምታቸው ብቻ ሦስት መስመር ነው፣ ደስ ይላል። መቅዳት በራሱ ነውር አይደለም ባይ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከመምህሩ ሥር ሆኖ እየቀዳ ነው የሚያድገው፤ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን መሣልን ማንም ከራሱ አላመጣውም። ግን ልምምድ ሌላ፣ ውድድር ሌላ ነው አሉ። ከዚያ ለእኔ አዲስ የሆነ ነገር ጻፉ፦ ከፎቶ የተቀዳ ሥዕል ራሱን ያጋልጣል። ከፊት ያለው ጥርት ብሎ ከኋላ ያለው ሁሉ ጭጋግ ከሆነ፣ ያንን ጭጋግ የሠራው የካሜራው ሌንስ ነው። ፊት ለፊትህ የተቀመጠ ሰው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ለማየት ዓይንህን ስታዞር፣ ግድግዳው ይጠራል እንጂ እንደደበዘዘ አይቆይም። ጥላም እንዲሁ ነው። ፎቶ ላይ ብዙ ጊዜ ድፍን ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ቁጭ ብሎ ላየው ግን ጥላ ውስጥ ሰማያዊም ቡናማም አለ። ካሬ እያሰመረ የገለበጠ ልጅ ደግሞ መስመሩን ሁልጊዜ አጥፍቶ አይጨርስም። ሥዕሉን ወደ መስኮት ዘወር አድርጎ በጎን ማየት ነው። የወንድሜን ሥዕል ባያዩትም ቦታው ሄዶ መሣሉን አድንቀዋል።

መልስ 2። ይሄኛው ሰላምታ የለውም፣ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ወንድሜ ቢያሸንፍ ኖሮ ይህን ክር እንደማልከፍት፣ በሰው ልጅ ደስታ ላይ ውሃ መቸለስም ምቀኝነት እንደሆነ ጻፈ። ወንድሜ መወዳደሩን እኮ እኔው ነኝ ከላይ ያስቀመጥኩት። ደግሞም ልጁን አልወቀስኩም። ሕጉ ስላልተጻፈ የጣሰው ነገር የለም። የወቀስኩት ወረቀቱን ያዘጋጀውን ነው።

መልስ 3። ከአቶቴ ሰፈር የምትጽፍ እናት ናት። ልጇ አምና ተወዳድሮ ነበር። እሷን ያንገበገባት መገልበጡ ሳይሆን ወጪው ነው። ካንቫሱ ተወዶ፣ አክሪሊክ ቀለሙ ተወዶ፣ ጭራሽ ፍሬም ካልገባ አንቀበልም ተባሉ፤ የፍሬሙ ዋጋ ከቀለሙ በለጠ። በመጨረሻ ሳሎን ተሰቅሎ የነበረውን የባሏን ትልቅ የምርቃት ፎቶ አውርዳ ፍሬሙን ለልጇ ሰጠችው። ፎቶው እስካሁን ካርቶን ውስጥ ነው። ባልየው ለእድሳት የወረደ ይመስለዋል፣ እንዳትነግሩት። የእሷ ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ገና ሳይዳኝ ፍሬም የሚጠየቀው ለምንድን ነው? አሥሩን ከመረጡ በኋላ አዘጋጁ ራሱ ያስገባላቸው። እኔም ያልታየኝ ነጥብ ነበር። ስለ መገልበጥ እየተጨቃጨቅን፣ በፍሬም ምክንያት በሩ ላይ የቀሩ ልጆች እንዳሉ አላሰብኩም።

መልስ 4። እንጨት ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው፣ ለሴትዮዋ መላ አመጣላት። ካንቫስ መግዛት አያስፈልግም። ቀጭን እንጨት አራት ማዕዘን አስገጥሞ አቡጀዲ መወጠር ነው። ሲወጠር ከየጎኑ መሃል ተጀምሮ ወደ ጥግ ይኬዳል፤ አንዱን ጎን ከመቱ በኋላ ትይዩውን፣ አለበለዚያ ጥጉ ላይ ይጨማደዳል። ከዚያ የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥኖ መቀባት። ሲደርቅ ነጭ የግድግዳ ቀለም ሁለት ጊዜ፣ መሃል ላይ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። ኮላው ካልቀደመ ጨርቁ ቀለሙን እየመጠጠ ገንዘብ ይጨርሳል።

መልስ 5። መምህሩ ተመልሰው 4ኛውን አመሰገኑና አንድ ነገር አረሙ፦ ይህ ዘዴ የሚሆነው ለአክሪሊክና ለመሳሰሉት በውሃ ለሚቀጥኑ ቀለሞች ነው። በግድግዳ ቀለም ላይ የዘይት ቀለም የሠራ ልጅ፣ ከጊዜ በኋላ ሥዕሉ ቢላጥ እንዳይገረም።

መልስ 6። ከሜሪላንድ ነው የሚጽፈው፣ ሀዋሳ ተወልዶ ያደገ። ልጁ እዚያ ሃይስኩል ትማራለች፣ እዚያም ተመሳሳይ ዓመታዊ ውድድር አለ። የሚያዘጋጁት የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ናቸው። በእነሱ አቆጣጠር ከ1982 ጀምሮ በየዓመቱ በፀደይ ይካሄዳል። እያንዳንዱ ተወካይ በየምርጫ ክልሉ ተማሪዎችን ያወዳድራል፤ የአሸናፊው ሥዕል ዋሽንግተን ሄዶ ካፒቶል በሚባለው የምክር ቤታቸው ሕንፃ ውስጥ አንድ ዓመት ይሰቀላል። ሕጉን ዘርዝሮ ጻፈልን። ሥዕሉ ከነፍሬሙ በየጎኑ ከ26 ኢንች፣ ማለትም ከ66 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ክብደቱ ከ15 ፓውንድ፣ ወደ 7 ኪሎ ገደማ፣ ማለፍ የለበትም። ዋናው ግን ሐሳቡም፣ ንድፉም፣ አሠራሩም የተማሪው የራሱ መሆን አለበት የሚለው ነው። ሌላ ሰው ያነሣውን ፎቶ ወይም የታተመ ሥዕል ቀድቶ ማቅረብ ያስወጣል። ራስህ ያነሣኸውን ፎቶ አይተህ መሥራት ግን ትችላለህ።

ይህ የመጨረሻው ልዩነት ብዙ ይፈታል። ጥያቄው ፎቶ ታየ አልታየ ሳይሆን ፎቶው የማን ነው የሚለው ሆነ ማለት ነው። አያቱን ጓሮ አስቀምጦ በስልኩ ያነሣ ልጅ ብርሃኑን መርጧል፣ የት ትቀመጥ የሚለውን መርጧል፣ ሳቂ አትሳቂ ብሎ ተጨቃጭቋል። ሥራው የተጀመረው እዚያ ጋ ነው።

መልስ 7። ተጀመረ። በማንኛውም ነገር አሜሪካ ካልተጠቀሰ አይሆንም ወይ፣ እኛ የምናወራው ስለ ቀበሌ አዳራሽ፣ አንተ የምታወራው ስለ ካፒቶል፣ እያለ ሜሪላንዱን ሸነቆጠው። ካገር የወጣ ሁሉ መካሪ ነው የሚል ነገርም አከለበት። አላስፈላጊ ነበር።

መልስ 8 እና 9። 8ኛዋ በጨዋነት፣ እዚያስ ጭቅጭቅ የለም ወይ ብላ ጠየቀች። ሜሪላንዱ ሳይቀየም መለሰላት። መኖርስ አለ። ከሚዙሪ የመጣ አንድ ተማሪ ፈርጉሰን ከተማ በፖሊስ ላይ ከነበረው ተቃውሞ ተነሥቶ የሠራው ሥዕል ካፒቶል ተሰቅሎ ሳለ፣ ፖሊሶችን በእንስሳ መልክ አሳይቷል ተብሎ በእነሱ አቆጣጠር በ2017 መጀመሪያ ላይ አንዳንድ የምክር ቤት አባላት በገዛ እጃቸው ከግድግዳው አወረዱት። ደጋፊዎቹ መልሰው ሰቀሉት፣ እነዚያ ደግመው አወረዱት። በኋላ በሕንፃው አስተዳደር ውሳኔ ወረደ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶም ሥዕሉ ወደ ቦታው አልተመለሰም። 8ኛዋ ይህን ካነበበች በኋላ የእኛ ጭቅጭቅ የፍሬም መሆኑ ይሻላል ብላ ሳቀች።

መልስ 10። ወደ ታሪክ ወሰደን። የአገራችን ትልልቅ ሠዓሊዎች የወጡት ከውድድር ነው የሚል ሰው ነው። እስክንድር ቦጎሲያን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ኢዮቤልዩ በዓል ሰሞን ሁለተኛ ሽልማት ማግኘቱን፣ ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ለትምህርት ወደ ለንደን እንደላከው ጻፈ። ይህ ልክ ነው። ቀጥሎ ግን አፈወርቅ ተክሌም ከአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት በውድድር ተመርጦ የወጣ ነው አለ።

መልስ 11። እዚህ ጋ አንዱ እንደ ቁጡ ፈታኝ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ። አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት በ1950 ዓ.ም. ነው። አፈወርቅ ያኔ እንግሊዝ ተምሮ ተመልሶ ራሱን የቻለ ሠዓሊ ሆኗል። መጀመሪያ እንግሊዝ የተላከውም ለሥዕል ሳይሆን ለማዕድን ምህንድስና ነበር፤ ዝንባሌውን ያዩ መምህራኑ ናቸው ወደ ሥዕሉ የገፉት፣ በኋላም ለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥራም ጠቀሰ። 10ኛው ስሕተቱን ተቀብሏል። 11ኛው ግን አላቆመም፣ ሳያነቡ መጻፍ እያለ ሌላ አንቀጽ ጨመረበት። እርማቱ ራሱ በቂ ነበር።

የማዕድን ምህንድስናው ነገር ግን ሳያስበው ቀጣዩን ሰው ጠራ።

መልስ 12። አባት ናቸው፣ ጋሼ ልበላቸው። በትዕግሥት ነው የጻፉት። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ከተፈተኑት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ ባመጡበት አገር፣ 11ኛ ክፍል ያለ ልጅ ጠዋት ጠዋት ዓሣ ገበያ ሲሥል ማርፈዱ አያሳስባችሁም ወይ ነው ጥያቄያቸው። በ2016 ወደ 5.4 ከፍ ቢልም ያው ነው አሉ። ልጃቸውን ከሥዕል አልከለከሉም፣ ግን ክረምት ይጠብቅ ብለውታል።

ጋሼ፣ ወንድሜ የሚሄደው ከትምህርት በፊት ነው፤ ውጤቱም ደህና ነው፣ አይስጉ። ግን ሥጋትዎን አልንቅም። በእኛ ሰፈር ትምህርት ቤት ከ8ኛ ክፍል በኋላ የሥዕል ክፍለ ጊዜ የለም። ልጆቹ በራሳቸው ሰዓት እየሠሩ ነው በዓመት አንዴ ተወዳደሩ የሚባሉት። ብዙዎቹ ስልክ ላይ ያገኙትን ፎቶ የሚገለብጡትም አንዱ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የሚያሳያቸው ሰው የለም፣ ጊዜ የለም፣ ፎቶው ግን ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ አለ።

መልስ 13። ታፔላ ጻፊ የነበረ ሰው። ሀዋሳ ውስጥ የዓሣ ቤቶች ታፔላ ላይ ቆሮሶ ዓሣ ሲሥል ሰው ቆሞ ያየው ነበር፤ ልጆቹን ያሳደገው በዚያ እጁ ነው። ባነር በማሽን መታተም ሲጀምር ሥራው በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ። አሁን ቤት ይቀባል። ለጋሼ ያለው መልስ ሥዕል አያበላም የሚል አይደለም። ያበላ ነበር፣ ማሽኑ እስኪመጣ። ስለዚህ ልጆቹ ማሽን የማይሠራውን ይልመዱ ብሎ ዘጋ። ብዙ ልብ የተሰጠው መልስ ይሄ ነው።

መልስ 14። ይህችን ልጅ ሁላችሁም አንብቡልኝ። የዛሬ ጥቂት ዓመት በተማሪዎች ውድድር ተሸላሚ ነበረች፣ በተገለበጠ ፎቶ። ፎቶውን የሰጧት አስተማሪዋ ናቸው፤ ማንም ስሕተት ነው አላላትም። ከ12ኛ ክፍል በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈተነች። ፈተናው በተግባር ነው፤ ፊቷ ያለውን ነገር እያየች ሥይ ተባለች። እጇ ደረቀ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ጠፍጣፋ ነው፣ ከየት ሆነህ እንደምታይ ተወስኖ ተቀምጦልሃል። እውነተኛ ነገር ግን አንገትህን በተንቀሳቀስክ ቁጥር ይቀየራል። ከየት እንደምትጀምር ሳታውቅ ሰዓቱ አለቀ፣ አላለፈችም። አሁን ሌላ ነገር እየተማረች ነው፣ ደህና ናት። የተሸለመችው የምስክር ወረቀት እናቷ ጋ ተሰቅሏል። ሽልማቱ እንደጎዳት ነው የጻፈችው፤ ጎበዝ ነሽ ስለተባለች መማር ያለባትን ነገር አልፈለገችውም።

2ኛው መላሽ እዚህ ጋ ተመልሶ ገባና በልጅቷ ላይም ነገር ጀመረ። አስተዳዳሪው አጠፋበት። ለዚህ ነው ቁጥሩ ከ14 ወደ 16 የሚዘለው።

መልስ 16። በተመሳሳይ ውድድር ዳኛ ሆኖ የሠራ ሰው ነው፣ የትኛው እንደሆነ አልተናገረም። የዳኝነቱን ነገር ገለጠልን። ሦስት ዳኛ ይጠራል፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ ጊዜ ይሰጣል። ሥዕሎቹ ስማቸው ተሸፍኖ፣ ቁጥር ተለጥፎባቸው ዴስክ ላይ ይደረደራሉ። ነጥብ መስጫው ላይ አሠራር፣ ርዕስ፣ ፈጠራ የሚል አለ። ትልቁን ነጥብ የሚወስደው አሠራር ነው። ስለዚህ ፀጉሯ አንድ በአንድ የተሠራች አሮጊት ሁልጊዜ ታሸንፋለች። የተገለበጠ መሆኑን የጠረጠሩበት ጊዜ ነበር፤ ሕጉ ላይ ስለሌለ ነጥብ መቀነስ አልቻሉም። ዳኛው ደሞዝ የለውም፣ ለስላሳና ብስኩት ነው የሚሰጠው፣ ሁሉንም ሥዕል በጉግል ሌንስ (ምስል አሳይተህ ተመሳሳዩን ኢንተርኔት ላይ በሚፈልገው) ፈልግ የሚለው ሰውም የለም። የምር ቢፈለግ ግን የመጨረሻዎቹን አሥር ብቻ በስልክ ፈትሾ ፎቶው ይኖር እንደሆነ ማየት የደቂቃዎች ሥራ መሆኑን አልደበቀም።

መልስ 17። እኔ ነኝ። ለዳኛው ያቀረብኩለትን እዚህም ልድገመው። የመጨረሻዎቹ አሥር ልጆች ይጠሩ። አንድ ሰዓት፣ አንድ ወረቀት፣ አንድ እርሳስ። ፊታቸው የሆነ ነገር ይቀመጥ፦ ወንበር፣ ጀበና፣ ፈቃደኛ የሆነ ሰው። የሣሉት ከትልቁ ሥዕል ጋር አብሮ ይታይ። ከዚህ ጋር የረቂቅ ደብተራቸውን ያምጡ። መረብ የሚጠግን ሰው የሣለ ልጅ ደብተሩ ውስጥ ሃያ የተበላሸ እጅ ይኖረዋል፣ የገለበጠው አይኖረውም። የቤት ሥዕሉ ቆንጆ ሆኖ የአንድ ሰዓቱ ሥራ ባዶ ከሆነ ዳኛው ለመወሰን ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ዳኛው ሐሳቡን አልጠላውም። አዳራሽ፣ ወንበር፣ ጠባቂ መምህር ማን ይከፍላል አለ።

መልስ 18 እስከ 23። አዳራሹ ለምን ያስፈልጋል፣ ሐይቁ ዳር ነጻ ነው ያለች ልጅ ገብታ ክሩን ፍቅር ሐይቅ ወሰደችው። ከዚያ በኋላ ሥዕል ተረሳ። አንዱ ዳርቻው ሁሉ ሆቴል እየሆነ ልጆች የሚቀመጡበት የት ቀረ ብሎ ተማረረ። ሌላው አሞራ ገደል ይሁን ሲል፣ ቀጣዩ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ወረቀቱንም ልጁንም ይዘው ይሄዳሉ አለ። ከዓሣ ገበያው የተነሣ ጥሬ ዓሣ በዳጣ መብላት ጤና ነው አይደለም የሚል ጠብ ተነሣ። 21 እና 22 ስለ ባጃጅ ታሪፍ ነው፣ እንዴት እዚያ እንደደረሱ አልገባኝም። 23ኛው አስተዳዳሪው ነው፤ ስለ ዓሣ ሌላ ክር ክፈቱ አለ። ከፍተዋል፣ ከዚህኛው የበለጠ ሰው አለበት።

መልስ 24። ክሩን ወደ ቦታው የመለሰችው ሲዳማ የሆነች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ቆጣ ብላለች፣ እውነቷን ነው። በየዓመቱ ርዕሱ «ባህላችን» ይባላል፣ ልጆቹ ጀበና ይሥላሉ። የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጫምባላላን፣ የሚሥሉት ደግሞ ከጉግል ያገኙትን ፎቶ ስለሚቀዱ፣ የሌላ አካባቢ ሰው ልብስ የለበሱ ሰዎች ቄጣላ ሲጨፍሩ አይታለች። በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ የሰፈረ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ጉዱማሌ የሚከበር ነው። በእግር ተሄዶ የሚታይ ነገር ከስልክ ለምን ይቀዳል? እሷ ብትሥል ምን እንደምትሥል ጻፈች፦ አያንቶዎቹ ሰማይ እያዩ ቀኑን ሲቆጥሩ፣ ሰዉ በሁሉቃ፣ ማለትም ከለመለመ ቅርንጫፍ በተሠራው ቅስት፣ ሥር ሲያልፍ፣ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ቡርሳሜ፣ ቅቤ የገባበት የእንሰት ምግብ፣ ሲሰጣቸው። የአያቷ እጅ በቅቤ ርሶ፣ ከእንሰት የተሠራውን እያካፈለች። ያን እጅ የሣለ ልጅ ቢያበላሸውም እንኳ ከዚያች አሮጊት ይበልጥባታል። ዳኞቹ ልዩነቱን ካላወቁ ደግሞ ባህሉን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ አብሯቸው ይቀመጥ አለች።

መልስ 25። ሕግ የተማረ ነው መሰለኝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም እንደሚጠብቅ አስታወሰ። ቤትህ ቁጭ ብለህ ለመለማመድ መቅዳት አንድ ነገር ነው፣ ቀድተህ ስምህን ጽፈህ ሽልማት መውሰድ ሌላ ነገር። አዘጋጆቹ ሥዕሉን ካላንደር ላይ ቢያትሙት ደግሞ ችግሩ የእነሱም ይሆናል። አጭር፣ ደረቅ፣ ጠቃሚ።

መልስ 26። የሚመጣው ዓመት ከዚህ የባሰ ነው ባይ። ልጆቹ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሥዕል እንዲሠራላቸው አዝዘው እሱን ሸራ ላይ ይገለብጣሉ፤ ያኔ ጉግል ሌንስም አያገኘውም፣ ከዚያ በፊት የትም ያልነበረ ነውና። ስለዚህ የአንድ ሰዓቱን ሐሳብ የግድ ነው አለ። አመሰግናለሁ።

መልስ 27 እስከ 30። የወንድሜን ሥዕል አሳየን አላችሁ፣ አስፈቅጄው ለጠፍኩ። አልማራችሁትም። 27ኛው ጣቶቹ ሙዝ ይመስላሉ አለ። 28ኛዋ ጀልባው ውሃ ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ እንደሚመስል፣ የአድማሱ መስመር ከሰዎቹ ዓይን ጋር እንደማይገጥም አሳየች። 29ኛው መምህሩ ናቸው። መረቡን ወደዱት። በተለይ ከጉልበት ወደ መሬት ሲወርድ ያለውን ክብደት፣ እሱን ከፎቶ አታመጣውም አሉ። ቀጥለውም ለእጆቹ በቀን አንድ ገጽ የራሱን ግራ እጅ እንዲሥል አዘዙት። 30ኛው፣ ማለትም ያው 2ኛው፣ ይሄ ሥዕል ድሮም አያሸንፍም ነበር ብሎ ደመደመ።

ሊሆን ይችላል። ወንድሜም አያሸንፍም ነበር አለኝ፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ቀለል አድርጎታል። ከአስሩ ባይገባም ክርክሬ አይቀየርም። አሸናፊው ልጅ በዚያ እጁ የራሱን አያት ቢሥል እኮ ሁላችንንም ዝም ያሰኝ ነበር።

መልስ 31። ዳኛው ተመልሶ መጣ። ሦስት ነገር ጽፎ ለሚያውቃቸው አዘጋጆች ሊሰጥ ነው። ፎቶ ከታየ ተማሪው ራሱ ያነሣው ይሁን፤ ፍሬም ከምርጫው በኋላ በአዘጋጁ ይግባ፤ የመጨረሻዎቹ አሥር አንድ ሰዓት እዚያው ይሣሉ። ይቀበሉታል ብሎ ቃል አልገባም። ደብተሩን ግን አላስገባውም፣ ልጆች በአንድ ሌሊት ሃያ የተበላሸ እጅ ሊፈበርኩ ይችላሉ ብሎ። በዚህ አልተስማማንም፣ እያበላሸ ሲሥል የሚያድር ልጅ ካለ ያው ተለማመደ ማለት አይደለም ወይ?

መልስ 32። የአቶቴዋ እናት ፍሬሙ በመካተቱ ደስ ብሏታል። የምርቃቱን ፎቶ መልሳ ልትሰቅል ነው።

መልስ 33። መምህሩ ቅዳሜ ጠዋት ፈቃደኛ ተማሪዎችን ይዘው ዓሣ ገበያ ሊሥሉ ይወጣሉ። መምጣት የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍላቸው። ወረቀት ይዛችሁ ኑ፣ ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆይ ብለዋል።

መልስ 34። አዲስ ገቢ ነው፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ። ከላይ ያለውን ሁሉ አንብቦ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሀዋሳ ውስጥ ስድስት ቢ እርሳስ (ለስለስ ያለው፣ ጠቆር አድርጎ የሚሥለው) የት ይገኛል? ፒያሳ ያሉትን የጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች ጠይቆ ተራው የጽሕፈት እርሳስ፣ ኤችቢ፣ ብቻ ነው ያለን ብለውታል። እስካሁን የመለሰለት የለም። የምታውቁ ጻፉለት፣ ቅዳሜ ሳይደርስ።